እህል ያልቀመሱ እንግዶች

ረቢያ ሁለት ሌሊት ሙሉ የሰው ሰርግ ወጥ ስታማስል አድራ በማለዳ ቤቷ ስትደርስ፣ በረንዳው ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ጠበቃት። በዚያች ሰዓት ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍራሽ። ከባጃጁ ሹፌር ጋር እንኳ እንደ ወትሮዋ አልተከራከረችም፤ የሠላሳ ብሩን መንገድ ሃምሳ ሲላት ሰጥታው የወረደችው ዓይኗ አልገለጥ ስላላት ነው። ጸጉሯ፣ ሻሿ፣ የቀሚሷ ጫፍ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ጫማዎቹን ቆማ አየቻቸው። ትልቁ የጎማ ጫማ የሟች ባሏ የሀሚዱ ታላቅ ወንድም የአብዱልመናን ነው። አጠገቡ ያለው ነጠላ ጫማ የሚስቱ የሀውራ መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ተረከዙ የተረገጠው ጥቁር ቆዳ ጫማ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙም አልተቸገረችም፤ የአያ ሙላት ሳቅ ከሳሎን እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

በሩን ስትገፋው ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በላይ ይጮሃሉ። አብዱልመናን አንድ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ወደዚያው እያዘገመ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር የሚያወራ ሁሉ በጩኸት ነው የሚያወራው፤ እሱም የዓለም ሕዝብ በሙሉ የደነቆረ ይመስል በዚያው ልክ ይመልሳል። ሀውራ የሆነ ነገር አስቋት ጭኗን እየመታች ትንከተከታለች። አያ ሙላት ክርስቲያን ነው፤ ግን አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ እነ ሀሚዱ መንደር፣ ከሀሚዱ ጋር አብሮ ያደገ፣ ሀሚዱ የሞተ ዕለትም ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ነው። ከእንግዳ ሳይሆን ከቤተሰብ የሚቆጠር ሰው ነው።

“ወይ ረቢዬ! ወይ የኔ እናት! ምነው ጠፋሽብን?” ሀውራ ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ማታ በመጨረሻው ባጃጅ መጥተው፣ ቁልፍ የምታስቀምጥላት ጎረቤቷ ተሾመች ከፍታላቸው እንዳደሩ ነገሯት። ሰላምታው አላልቅ አለ። የከብቱ ደኅንነት፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ የበቆሎው ቁመት፣ ሁሉም በየተራ ተጠየቀ። ረቢያ “አልሀምዱሊላህ” ባለች ቁጥር ዓይኗ ይከደንና በግድ ትከፍተዋለች። ደክሞኛል፣ ልተኛ ነው፣ እባካችሁ ቀስ በሉ ብሎ ለእንግዳ መናገር በሐይቅ ከተማ ስድብ አይባል ይሆናል፤ ከስድብ ግን ብዙም አይርቅም። እሷ ደግሞ በእንግዳ አቀባበሏ የምትታወቅ ሴት ናት። ስለዚህ ፈገግ አለች፤ ከፈገግታዋ ሥር ግን “እግራችሁን ምናለ በሰበረው ኖሮ” የሚል ክፉ ሐሳብ ብልጭ ሲልባት ተሰምቷት አፈረች።

ምሳ ሰዓት ባይሆንም ለመንገደኛ እህል ማቅረቢያ የተወሰነ ሰዓት የለም። ከሰርጉ ቤት የተሰጣትን ቀይ ወጥ አሞቀች። አያ ሙላት የሙስሊም ሥጋ ስለማይበላ ለብቻው ሽሮ ሠራችለት፤ ቃሪያ ሰነጠቀችበት። ትሪውን አምጥታ ስታስቀምጥ ሦስቱም ጸጥ አሉ። አብዱልመናን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “በልተናል፣ አላህ ይስጥሽ” አለ።

“የት በልታችሁ?”

“ሻይ ቤት። ሻይ በዳቦ።”

“እኔ ቤት መጥታችሁ ሻይ ቤት? አያ አብዱልመናን፣ ምን በድዬ ነው? ኧረ በነቢ ይቅመሱልኝ!”

አልቀመሰም። ሀውራም “እንጃ፣ ሆዴ” ብላ ፊቷን አዞረች። አያ ሙላት ግን ዓይኑን ከሽሮው ላይ ማንሣት አቅቶት ምራቁን ሲውጥ ታየ፤ እጁን ሰደድ ሊያደርግ ሲል አብዱልመናን ገላመጠውና እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ረቢያ ትሪውን አንሥታ ወደ ጓዳ ስትመለስ ጉንጯ ይቃጠል ነበር። ከውጫሌ እስከ ኩታበር ስንት ሰርግ የደገሰች፣ የእሷን ወጥ ለመቅመስ ሰው የሚጋፋላት ሴት ናት። ዛሬ የገዛ ዘመዶቿ የሻይ ቤት ዳቦ መረጡባት። ደግሞ ያኔ ነው ያስተዋለችው፤ ሀውራ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ሀውራ ከአርዲቦ ስትመጣ አንድ ጆግ ወተት፣ ካልሆነም አምስት ስድስት እሸት በቆሎ ሳትይዝ ገብታ አታውቅም።

“ሂጂ ጋደም በይ አንቺ፤ እኛ የትም አንሄድ” አለቻት ሀውራ፣ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን እየዳበሰች። ረቢያ ሌላ አልጠበቀችም። መኝታ ቤቷ ገብታ በሰርጉ ልብሷ እንዳለች አልጋው ላይ ወደቀች።

መኝታ ቤቱና ሳሎኑ የሚለያዩት በቺፑድ ነው። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፤ ባለ ትልቅ መስኮት ነው፤ ሶፋው ከደሴ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ሀያ ናት። ግድግዳው ግን ገና ተራው አልደረሰም ነበርና የአንዱ ክፍል ሳል በሌላው ይሰማል። ረቢያ ዓይኗን እንደ ከደነች አብዱልመናን “ተኛች?” ብሎ በመንደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀ። “ተኝታለች፣ ቀስ በል!” ሲል አያ ሙላት በዚያው ድምፅ መለሰለት። ከዚያ ለመንሾካሾክ ሞከሩ። ደንቆሮ ሲንሾካሾክ ከመጮኹ የባሰ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሰውየው ምን እንዳለ ሳይሰማ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ብቻ ይሰማል። ክርክር ነው። አንቺ ተናገሪ፣ የለም አንተ ተናገር የሚባባሉ ይመስላሉ። ትራሱን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። የአያ ሙላት ስልክ ጠርቶ የክራር ዘፈን ለቀቀ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ማንሻውን ሲፈልግ ቆየና ደዋዩ ሲዘጋበት ተሳደበ። ሀውራ ሳቀች። ረቢያ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

እንቅልፍ ሲርቅ ደግሞ ሰው የሸሸው ሐሳብ ይመጣል። ሀያ ከደወለች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ከዚህ በፊት ከአምስት ቀን በላይ ዘግታ አታውቅም። መጨረሻ የደወለች ጊዜ እያለቀሰች ነበር፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኝታ ለፈጅር እንደምትነሣ፣ ቆማ ሰሃን እያጠበች ዓይኗ እንደሚከደን ስታወራ ረቢያ ቶሎ ብላ ወሬውን ገና ወዳልተሠራው የግቢ በር አዙራው ነበር። አሁን ያንን ማሰብ አልፈለገችም። ተገላበጠች። አልጋው ሲጥ ሲል ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወሬ ተቆረጠ። ቆይቶ ጀመረ። ደግማ ተገላበጠች፤ ደግሞ ተቆረጠ።

አንድ ጊዜስ ይፍረዱብኝ ብላ ተነሣች። ቀስ በሉልኝ ልትላቸው፣ ቃሉን እንኳ አለስልሳ አዘጋጅታ መጋረጃውን ገለጠች። ሦስቱም እንደ ተያዘ ሌባ ደረቁ። አብዱልመናን ወደ ሴራሚኩ አቀረቀረ። ሀውራ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆማ የሀያን ፎቶግራፍ ይዛ ነበር፤ ረቢያን ስታይ ቶሎ ብላ አስቀመጠችውና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ረቢያ ያዘጋጀችውን ቃል ተወችው። “ውኃ ጠምቶኝ ነው” ብቻ ብላ በጓዳው በኩል ወደ ግቢ ወጣች።

ግቢው ተጠርጓል። ሰሃኑ ሁሉ ታጥቦ ተደፍቷል። ባዶ የተወችው በርሜል እስከ አፉ ውኃ ሞልቷል። እንግዳ የሰው ቤት ሥራ እንዲህ የሚሠራው መቼ ነው? ተሾመች በአጥሩ በኩል ልብስ እያሰጣች አየቻትና እጇ ላይ ያለውን ልብስ ያዝ አደረገችው።

“እህል ቀመሱልሽ?” አለቻት።

“እንቢ አሉ።”

“ማታም እኔን እንቢ ብለውኛል እኮ። ስንት ለመንኳቸው! መቼ ነው የምትሄዱት ብላቸው፣ ረቢያን ሳናገኝ አንሄድም፣ ብርቱ ጉዳይ አለን አሉኝ።” ተሾመች ይህን ብላ በራሷ አፍ የደነገጠች መሰለች። ረቢያን ትክ ብላ አላየቻትም፤ ልብሱን ገመዱ ላይ ጥላው ቶሎ ወደ ቤቷ ገባች።

በዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው የለም። መርዶ ነጋሪዎች ማታ ይገባሉ። ይስቃሉ፣ ያወራሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመስላሉ፤ ስጦታ አይዙም፤ የሐዘንተኛውን እህል አይበሉም። ሐዘንተኛው ያቺን የመጨረሻ ሌሊት እንዲተኛ ትተውት ጎህ ሲቀድ ቀስቅሰው ይነግሩታል። ረቢያ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቤቷ አልነበረችም። ሰርግ ቤት ብረት ድስት ላይ ቆማ ነበር። ስለዚህ ነገን ሊጠብቁ ነው። አልጋዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። በቺፑዱ በኩል አብዱልመናን ሊንሾካሾክ እየሞከረ “ዛሬ ትተኛ እንጂ። ነገ በማለዳ፣ ልቧ ሲረጋ እንነግራታለን” ሲል፣ ይህን አንዱን ዐረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰማችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ረቢያ ራሷ ኋላ ላይ በደንብ ማስታወስ አልቻለችም፤ ጎረቤቶቿ ግን ያስታውሳሉ። ሻሿን ከራሷ ላይ አውልቃ፣ ደረቷን እየደቃች ከመኝታ ቤት ወጥታ ሳሎኑ መሐል ወደቀች። “ሀያዬ! ሀያዬ ልጄ! ልምጣ ስትዪኝ ጣራው ይለቅ ያልኩሽ! ልምጣ ስትዪኝ ልስኑ ይለቅ ያልኩሽ! ልምጣ እማ ስትዪኝ ሴራሚኩ ይነጠፍ ያልኩሽ!” ሴራሚኩን በመዳፏ ደበደበችው። “እንቅልፍ ገደለኝ ስትዪኝ፣ ማን በእንቅልፍ ሞተ ብዬ የሳቅሁብሽ እኔ! በአንቺ የለወጥኩት ይሄን ነው ልጄ! ይሄን ነው!”

ሀውራ ፎቶግራፉ አጠገብ ቆማ ለአፍታ ፈዘዘች። ረቢያ መኝታ ቤት ሳለች በስልክ አንድ ነገር ሰምታለች ማለት ነው ብላ ነው የገመተችው። “እኔን! ሀያዬ!” ብላ እሷም ፊቷን ነጨች። አያ ሙላት ሀውራን ሲያይ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ እዬዬውን አቀለጠው። ምንም ያልሰማው አብዱልመናን ብቻ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ እያየ “ምንድን ነው? ማን ምን አለ?” እያለ ይጠይቃል። በሩ ተበረገደ። ተሾመች ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጀመሪያዋ ሆና ገባች፤ ለካ ልብሷን ጥላ ቤት የገባችው ይህንኑ ነጠላ ልታወጣ ነው። ከኋላዋ ግቢው በሰው ሞላ። “ኢና ሊላሂ” የሚሉ፣ “እንዲህ አይባልም፣ አላህን ፍሪ፣ ሶብር አድርጊ” የሚሉ፣ ወገቧን ይዘው ሊያነሷት የሚታገሉ ሴቶች ከበቧት። እሷ ግን ለገባው ሰው ሁሉ ያንኑ ከጣራው እስከ ሴራሚኩ እየደጋገመች ተናገረች። ያልሰማ አልቀረም።

በመጨረሻ ከጎረቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ አብዱልመናን ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው “መቼ ነው ያረፈችው? ለእናንተ ማን ነገራችሁ?” ብለው ጮኹ።

“ማን ናት ያረፈችው?”

“ሀያ ናት እንጂ!”

“ሀያ? ሀያ ከትናንት ወዲያ አዋርታኛለች!” አለ አብዱልመናን። እሱ ሲናገር መቼም ሁሉም ይሰማል። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ሀውራ ፊቷን እንደያዘች ቀረች። “እሷ አይደለች እንዴ የሰማችው?” አለች በጣቷ ወደ ረቢያ እየጠቆመች። ረቢያ ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው። ልጇ በሕይወት አለች ማለት ነው፤ ደስታው መጥቶ ልቧን ሲመታው አወቀችው፤ ግን ሰው ሁሉ እያያት ነበርና የምትደሰትበት ፊት አጣች።

“ታዲያ ለምን መጣችሁ?” አለች በተሰነጠቀ ድምፅ። “እህሌን ለምን እንቢ አላችሁኝ?”

አብዱልመናን መልስ ሊሰጥ አልፈለገም፤ ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። አያ ሙላት ግን ያን ሁሉ እንባ በከንቱ አፍስሶ፣ ሽሮውም ቀርቶበት፣ መታገሥ አልቻለም። “ለሽምግልና ነው የመጣነው፣ እቴ!” አለ። “ሽማግሌ ነን! ጉዳያችንን እሺ ሳትዪን እህልሽን እንዴት እንቀምሳለን? መደለያ እንዳይመስልም ወተቱንና እሸቱን ትተን መጣን። ደክመሻል ብለን፣ እንቅልፍ ትጥገብ ብለን ስንጠብቅሽ ነው የዋልነው።”

“የማን ሽማግሌ? ማን ላካችሁ?”

“ሀያ” አለ አያ ሙላት፣ አሁን ድምፁ ወርዶ። “እናቴን ለምኑልኝ፣ ነይ ትበለኝ አለችን። እኔ ስጠይቃት ሁልጊዜ አንድ የቀረ ነገር አለ ትለኛለች አለችን። መልስሽን እስክናመጣላት ላትደውልልሽ ነው የማለችው።”

የሰፈሩ ሰው ቀና ብሎ ሊያያት ስላልፈለገ ይመስላል፣ ሁሉም ወደ ወለሉ አየ፤ ወለሉ ደግሞ ያው ሴራሚኩ ነው። ከወራት በፊት የተነጠፈ ጊዜ ይኸው ሰው መጥቶ አድንቆት ነበር። አሁን አንዳንዶቹ የቆሙበትን ያህል እንኳ ሊረግጡት የከበዳቸው መሰሉ። “እንኳን ውሸት ሆነ” አለች አንዷ። “ዕድሜዋ ሊረዝም ነው፣ አልሀምዱሊላህ” አለች ሌላዋ። አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ እያሉ ወጡ። ተሾመች ነጠላዋን እያቃናች ወጣች። ረቢያ ሁለት ሌሊት ያልተኛው ሰውነቷ መሬት ላይ ከበዳት። ሴቶቹ ውኃ ዳር፣ ወፍጮ ቤት፣ ሰርግ ቤት ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ሰማችው። ያሉትን ቢሉ ግን ከራሷ አፍ ከወጣው የሚከፋ አይሆንም።

ሀውራ መጥታ ሻሿን አንሥታ አለበሰቻት። “አብሽሪ” ብቻ አለቻት። አብዱልመናን ቴሌቪዥኑን በገዛ እጁ አጠፋው። በዚያ ቤት ውስጥ ከጧት ጀምሮ ያልነበረ ዝምታ ያን ጊዜ መጣ፤ ረቢያ ሲጮሁ ይሻላት እንደነበር ተሰማት።

የአብዱልመናን ስልክ የጠራው ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው። ሀያ የምትደውለው እመቤቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ብቻ ነው። አብዱልመናን ጆሮው ስለማይሰማ ስልኩን ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ የልጅቱ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። “አጎቴ? ደረሳችሁ እንዴ? ለመናችኋት? ምን አለች?”

አብዱልመናን ስልኩን ወደ ረቢያ ዘረጋ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለችው።

“ሀያ።”

“እማ?” አለች ሀያ። “ድምፅሽ ምን ሆኗል? አሞሻል?”

“አላመመኝም። ሀያ፣ ነይ።”

“ምን?”

“ነይልኝ ነው የምልሽ። ወደ ቤትሽ ነይ።”

ልጅቱ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ “እማ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?”

“እነ አጎትሽ አሉ።”

“እሺ። ገባኝ” አለች ሀያ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “ለእነሱ ብለሽ ነው። ምንም አይደለም እማ፣ ችዬ እቆያለሁ።”

ልጇ የጠረጠረችው ነገር እውነት ይሁን ውሸት ረቢያ ራሷም በእርግጥ አላወቀችም ነበር። ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ፣ ያ ሁሉ ሰው ባይሰማ፣ ስለ ግቢው በር ታወራላት ነበር ይሆን? ይህን ስታስብ ከዕለቱ ሁሉ የባሰው ኀፍረት ያን ጊዜ መጣባት። ቀና ብላ ሦስቱን አየቻቸው።

“እባካችሁ ትንሽ ውጡልኝ” አለች።

በዚያ ቤት እንግዳ ውጣ ተብሎ አያውቅም። አያ ሙላት ቀድሞ ተነሣ፤ ሀውራ አብዱልመናንን ክንዱን ይዛ አወጣችውና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ረቢያ መኝታ ቤቷ ድረስ ገባች። ድምፅ ማጉያውን አጠፋችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

“አሁን ማንም የለም” አለቻት። “ብቻዬን ነኝ። በሩም ይቅር፣ ግድግዳውም ይቅር። ነይ ልጄ።”

“ወላሂ በይ” አለቻት ሀያ።

ረቢያ የወለደቻትን ልጅ ለማሳመን ሦስት ጊዜ ማለች።